ጋቢ ይዤ ወደ ጨንቻ

ረቡዕ

ዕቅዴ አዞ ማየት ነበር። የዓመት ፈቃዴን ወስጄ አርባ ምንጭ ልወርድ፣ ጫሞ ላይ በጀልባ ልንሸራሸር፣ ዓሳ በልቼ ልመለስ። አዞውን ሳላየው ተመለስኩ። ጥፋቱ የጋቢ ነው።

ሽሮ ሜዳ ከምኖርበት ግቢ ጀርባ ሸማኔ ጎረቤት አለኝ። ጠዋት የምነቃው በመወርወሪያው ድምፅ ነው። አርባ ምንጭ እንደምሄድ ስነግረው ሥራውን አቆመ። እሱ ሰው ሲያናግረው ሥራ የሚያቆም ዓይነት አይደለም፤ ነገሩ ከበድ ያለ መሆኑ ያኔ ገባኝ። ማታ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ይዞ መጣ።

"ለእናቴ ነው" አለ። "ጨንቻ አጠገብ ናት። ከአርባ ምንጭ ቅርብ ነው።"

ዘንድሮ ለመስቀል አገሩ አልገባም። ለማያውቅ ሰው ቀላል ነገር ይመስላል። የጋሞ ሰው ግን የትም ይኑር የት ለመስቀል እናት አባቱ ቤት ይገባል። በዓመት አንዴ፣ መስከረም አጋማሽ ላይ፣ ሽሮ ሜዳ ጸጥ ይላል፤ የሸማኔ ቤት ሁሉ ይዘጋል። እኔ እንኳ ያኔ አርፍጄ ነው የምነቃው። እሱ የጥር ሰርግ ትዕዛዝ ይዞት ቀረ። አሁን ጥቅምት ነው፣ ጋቢው ደግሞ እኔ እጅ ላይ ነው።

መንገዱን አላረዝመውም። በቡታጅራ፣ በሆሳዕናና በሶዶ በኩል 430 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስተን ማታ ገባን። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ከወራቤ ጀምሮ ትከሻዬ ላይ ተኛ። አባያ ሐይቅ በግራ በኩል ብቅ ሲል ነቃና "ደረስን?" አለኝ። "ገና ነን" ስለው ተመልሶ ተኛ። የአባያ ውኃ ቀላ ያለ ነው፤ ወተት የበዛበት ሻይ ይመስላል። ጎረቤቱ ጫሞ ሰማያዊ ነው። በመካከላቸው ያለችውን ጠባብ መሬት የእግዜር ድልድይ ይሏታል።

አርባ ምንጭ ትሞቃለች። ዓሳዬን በላሁ፣ ሸሚዜን አውልቄ ተኛሁ። ጋቢው ወንበር ላይ ተቀምጦ ያየኛል። በዚያ ሙቀት ለሰው ጋቢ ይዞ መሄድ እብደት ነው የሚመስለው።

ሐሙስ

የጨንቻ ሚኒባስ እስኪሞላ ሁለት ሰዓት ጠበቅን። ረዳቱ "አንድ ሰው ብቻ!" ሲል አምስት ጊዜ ቆጠርኩ።

ጨንቻ ከአርባ ምንጭ 37 ኪሎ ሜትር ናት። ጎረቤቴ "ቅርብ ነው" ሲል አልዋሸም። ያልነገረኝ ቅርቡ ወደ ላይ መሆኑን ነው። አርባ ምንጭ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ጨንቻ ከ2,700 ሜትር በላይ። በሶዶ መንገድ ትንሽ ሄደን ወደ ግራ ታጠፍን፤ ከዚያ በኋላ መሬት የሚባል ነገር ሁሉ ቆመ። መጀመሪያ በሁለቱም በኩል ሙዝና ማንጎ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ሙዝ የመሰለኝ ሁሉ እንሰት ሆነ። ከዚያ ቀርከሃ መጣ። ጆሮዬ ተደፈነ።

ተሳፋሪው ልማዱን ያውቃል። አንዱ ኩርባ ላይ ስንደርስ መስኮቱ ሁሉ ተራ በተራ ተዘጋ። ሌላው ኩርባ ላይ ከየፌስታሉ ጋቢና ሹራብ ወጣ። ማንም ምንም አላለም። ቲሸርት ለብሼ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። የሰው ጋቢ ጭኔ ላይ ይዤ ስንቀጠቀጥ ረዳቱ አየኝና "ልበሰው እንጂ፣ ለምን ትሸከመዋለህ?" አለ። ሁሉም ሳቀ። አደራ ነው አልኩት።

አጠገቤ የተቀመጡት አስተማሪ ናቸው። የማንን አደራ እንደያዝኩ ጠየቁኝ።

"የጎረቤቴን። ዶርዜ ነው።"

"ዶርዜ ከየት?"

"ከጨንቻ።"

"እንግዲያው ዶርዜ አይደለማ!" አሉ። ተቆጥተው አይደለም፤ ይህን ነገር አንድ ሺህ ጊዜ የተናገሩ ሰው ድምፅ ነው። "ዶርዜ እዚሁ ጋሞ ውስጥ ያለ አንድ አካባቢ ነው። አሁን እናልፈዋለን። ዶኮ አለ፣ እዞ አለ፣ ዲታ አለ። እናንተ አዲስ አበቤዎች እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ የሚሸምን ሰው ካያችሁ ሁሉም ዶርዜ ነው።"

አፈርኩ። ማፈሬ ባለማወቄ ብቻ አይደለም። እኛ ሰፈር ልጅ እያለን "ዶርዜ" የምንለው ሰው ስንሳደብ ነበር። የምንሳደብበት ልጅ ደግሞ ነጠላችንን የሸመነልን ሰው ልጅ ነው። ይህን ለአስተማሪው አልነገርኳቸውም፤ ሳያውቁት የሚቀሩም አይመስለኝም።

ሐሙስ የዶርዜ ገበያ ቀን ነው። ሀይዞ ላይ መንገዱ በሰው ተሞልቶ ሚኒባሱ በጡሩምባ ብቻ አለፈ። ሴቶቹ ገመድ ደረታቸው ላይ አጥብቀው፣ ከኋላቸው ከራሳቸው የሚበልጥ ሸክም ይዘው ዳገቱን ይወጣሉ። ጎንበስ ብለው ነው የሚሄዱት፤ እጃቸው ግን ሥራ አልፈታም። አንዷ ቀርከሃ ተሸክማ እንዝርት ታሾራለች። እንዴት እንደማትወድቅ እንጃ።

ከሀይዞ በኋላ ጉም ገባን። ሾፌሩ መብራት አበራ። ከሃያ ሜትር ወዲያ ምንም የለም። ብዙ ሳንቆይ መኪናው ቆመና ሰው መውረድ ጀመረ።

"ጨንቻ የት ነው ያለችው?" አልኩ።

"ውስጧ ነህ" አሉኝ አስተማሪው።

አልጋ የያዝኩበት ቤት መብራት ጠፍቷል። ውኃ በባልዲ ነው፣ እሱንም ለመንካት ድፍረት ይጠይቃል። ጉሙ በሩ ሲከፈት ተከትሎ ይገባል፤ ቀልዴን አይደለም፣ ሻማው ዙሪያ አየሁት። ባለቤቷ ሁኔታዬን አይታ ሃይታ ቱኬ አመጣችልኝ። የቡና ቅጠል ነው፤ ከቅመማ ቅመምና ከሚጥሚጣ ጋር ተፈልቶ በትኩሱ ይጠጣል። ቡና ነው ብዬ ነበር አፌ ላይ ያደረግኩት። ምላሴ ደነገጠ፣ ቀጥሎ ደረቴ ሞቀ፣ ሦስት ደገምኩ። ያን ሌሊት ከሦስት ብርድ ልብስ ሥር ሆኜ ፌስታሉን ብዙ ጊዜ አየሁት። አልነካሁትም።

ዓርብ

ጠዋት ጉሙ ለአንድ ሰዓት ያህል ተነሳ። ጨንቻን ያኔ አየኋት። አንድ ረጅም መንገድ፣ ቆርቆሮ ቤቶች፣ ሻይ ቤቶች፣ ጋቢ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ሱቅ ደጅ የቆሙ ሰዎች፣ በዩኒፎርማቸው ላይ ወፍራም ሹራብ የደረቡ ተማሪዎች። ከቤቶቹ ጀርባ ወዲያው እንሰት ይጀምራል። ከተማውና ገጠሩ የሚለያዩበትን ቦታ ማንም ሊያሳየኝ አልቻለም።

አድራሻ ተብሎ የተሰጠኝ የሴትዮዋ ስምና የአንድ ቤተ ክርስቲያን ስም ነው። በቂ ነበር። ሁለተኛው የጠየቅኩት ሰው "የሽሮ ሜዳው ልጅ እናት?" ብሎ መንገድ አስያዘኝ። ጎረቤቴ እዚህ ስሙ ሽሮ ሜዳ ነው። ሽሮ ሜዳ ደግሞ ስሙ ዶርዜ ነው። ድሃ የትም አገር ሙሉ ስም የለውም መሰለኝ።

አንድ ሰዓት ገደማ የሚያስኬድ ነው። መሐል ላይ ሰፊ መስክ አለ፤ ሣሩ አጭር፣ ዳሩ ላይ ትልልቅ ዛፍ። መንገድ የሚያሳየኝ ልጅ በመሐሉ አላሳለፈኝም፤ በዳር ዞረን ሄድን። ዱቡሻ ነው አለኝ። አባቶች ተቀምጠው የሚመክሩበት፣ የተጣላ የሚታረቅበት ቦታ ነው። አንድ ነገር ትዝ አለኝ። መስከረም 2011 ላይ ቡራዩ ውስጥ ሰው መገደሉ ሲሰማ የአርባ ምንጭ ወጣት በቁጣ አደባባይ ወጣ። የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው ፊቱ ተንበረከኩ። ወጣቱ ተመለሰ። ያን ቪዲዮ ስልኬ ላይ ደጋግሜ አይቼው ነበር። ያኔ የመሰለኝ በዚያ ቀን የታሰበ ነገር ነው። አሁን መስኩን ሳየው ገባኝ፤ ሣሩ ላይ መነጋገርን እዚህ ቁጭ ብለው ሲለምዱት ነው የኖሩት።

የእናቱ ቤት በሩቁ ዝሆን ይመስላል። ዝም ብዬ ማጋነኔ አይደለም፤ ፊት ለፊቱ አፍንጫ አለው፣ ከላዩ ሁለት ዓይን የመሰለ ቀዳዳ። መላው ቤት የተሠራው በቀርከሃ ነው፤ እንደ ቅርጫት ተሸርቦ ነው የሚቆመው። ሲሠራ 12 ሜትር ይደርሳል። ከዚያ ግን በየዓመቱ ያጥራል። ምስጥ ከሥሩ ይበላዋል፤ የተበላውን ቆርጠው ይጥሉታል፣ ቤቱ ዝቅ ይላል። የሥሩ ቦታ ሲበላሽ ደግሞ ጎረቤት ተጠራርቶ ቤቱን እንዳለ ተሸክሞ ሌላ ቦታ ያቆመዋል። የእማማ ቤት በጣም አጥሯል። በሩ ላይ ጎንበስ ብዬ ገባሁ። ውስጡ ጨለማ ነው፣ ጭሱ ዓይን ያቃጥላል፣ ግን ይሞቃል። ከብቶቹ እዚያው ከመከለያው ወዲያ ናቸው፤ ትንፋሻቸው እንደ ምድጃ ነው።

እማማ አማርኛ አይናገሩም። የልጃቸው ልጅ፣ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ፣ ታስተረጉማለች። "ሳሮ" አልኩ፤ የማውቃት ብቸኛ የጋሞኛ ሰላምታ ናት። እማማ ሳቁ፣ ብዙ ነገር ተናገሩ፣ ልጅቷ "ደህና ነህ ወይ ነው ያሉት" ብላ አሳጠረችው። ቀረብ እንድል ጠሩኝና ፊቴን በእጃቸው ያዙ።

ጋቢውን ሰጠኋቸው። ይደሰታሉ፣ ይለብሱታል፣ ይመርቁኛል ብዬ ነበር የጠበቅኩት። አልለበሱትም። ጭናቸው ላይ ዘረጉትና አውራ ጣታቸውን በዳሩ ላይ አስኬዱ፤ ቀስ ብለው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ። ዓይናቸው ጋቢው ላይ አይደለም፤ ወደ በሩ ነው። ጥለቱ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ተመለሱ። መሐሉን በሁለት ጣት ይዘው ሳብ አደረጉት። ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የላሟ ማመንዠክ ብቻ ነው።

ከዚያ አንድ ነገር ተናገሩ።

"ዳሩ ጠብቋል፣ መሐሉ ላልቷል ይላሉ" አለች ልጅቷ። "ማታ ማታ ነው የሠራው። ደክሞት ነበር።"

እኔ ጎረቤቱ ነኝ። ባለፈው ወር በሌሊት የመወርወሪያ ድምፅ እየቀሰቀሰኝ ስማረር ከርሜያለሁ። ቀን የሰርጉን ትዕዛዝ፣ ማታ የእናቱን። እኔ ድምፁን ሰምቼ ያላወቅኩትን እሳቸው በጣታቸው አወቁት። ምንም አላልኩም። "በርታ በለው" አሉ እማማ። "ሌሊት አትሥራ በለው።"

ግቢው ውስጥ የሽመና ጉድጓድ አለ። የባላቸው ነበር። አሁን ዶሮ ይተኛበታል። ልጃቸውን በ11 ዓመቱ አንድ ዘመድ "ሥራ አስተምረዋለሁ" ብሎ ወደ አዲስ አበባ ወሰደው። ያኔ ብዙ ልጅ እንዲህ ሄዷል፤ አንዳንዱ ተማረበት፣ አንዳንዱ ጉድጓድ ውስጥ ሳይከፈለው አደገ። ጎረቤቴ ከየትኛው እንደሆነ ነግሮኝ አያውቅም፣ እኔም ጠይቄው አላውቅም።

ቆጮ ቀረበ። እንሰት ለመድረስ ዓመታት ይፈልጋል። ሲደርስ ሴቶቹ ግንዱን ይፍቁታል፣ የተፋቀው በቅጠል ተሸፍኖ ጉድጓድ ውስጥ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይቦካል። ልጅቷ የቦካውን አውጥታ በቢላዋ ደጋግማ ከተከተችው፣ በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ ምጣድ ላይ ጣለችው። ከዳጣና ከማር ጋር በላሁ። የኮመጠጠው፣ የሚያቃጥለውና የሚጣፍጠው አፌ ውስጥ ሲጣሉ እማማ ጉንጬን እየዳሰሱ "ብላ" ይሉኛል። ይህችኛዋን ቃል በአማርኛ ያውቋታል።

ልጅቷ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ መፍተል ጀመረች። ባዘቶው ጭኗ ላይ ነው። የእማማ እንዝርት ግን ግድግዳው ላይ ተሰክቷል፤ ጥላሸት ይዞታል።

ቅዳሜ

የጨንቻ ገበያ ማክሰኞና ቅዳሜ ነው። ሌሊት ዘንቦ ሜዳው ጭቃ ሆኗል፤ ሻጭ ግን ጭቃ አይፈራም። ድንች፣ ገብስ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ፣ ሸክላ ድስት። ከታች በሰው ጀርባም በመኪናም የመጣ ሙዝና ጥጥ። ጥጥ እዚህ ብርድ ላይ አይበቅልም። ከቆላ ይወጣል፣ እዚህ ይፈተላል፣ ይሸመናል፣ ሸማ ሆኖ ይወርዳል። ተራራው እንደዚህ ነው የሚኖረው፤ የሌለውን አውጥቶ፣ ሠርቶ፣ መልሶ አውርዶ።

ብርዱ የሚጠቅመው አንድ ነገር አለ፤ አፕል። አፕል ብርድ ካላገኘ አያፈራም። ታች አርባ ምንጭ ብትተክለው ቅጠል ብቻ ነው የምታየው። ወደዚህ ያመጡት ሚስዮናውያን ናቸው ይባላል፤ ዛሬ ፍሬውም ችግኙም ገበያ አለው። ከአንዲት ልጅ አንድ ኪሎ ገዛሁ። ትንንሽ ናቸው፣ አያምሩም፣ ስትነክሳቸው ግን ጥርስህ ድረስ ይቀዘቅዛሉ። ሱፐርማርኬት የሚሸጠውን የሚያብለጨልጭ አፕል ከዚያ ወዲህ አልወደድኩትም።

ዱንጉዛ፣ የጋሞን ባለቀለም የሽመና ልብስ፣ የሚሸጡ ሽማግሌ አገኘሁ። ቀይ፣ ቢጫና ጥቁሩ በጉሙ ውስጥ እንደ እሳት ይታያል። ዋጋ ተከራከርኩ። ሽማግሌው ሰሙኝ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ዋጋቸውን ደገሙ። ከሽሮ ሜዳ እንደመጣሁ ስነግራቸው ደግሞ ጭራሽ "እዚያ ስንት ይሸጡታል?" አሉኝ። እውነቱን ነገርኳቸው። ወዲያው ዋጋ ጨመሩ። የገዛ አፌ ነው ያከሰረኝ።

እማማ በልጅቷ ትከሻ ላይ እጃቸውን ጥለው መጡ። ለጎረቤቴ የሚላከው ተዘጋጅቷል፤ በእንሰት ቅጠል የታሰረ ቡላ፣ አፕል፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ሦስት ልቃቂት ፈትል። ቡላውን እንዳላገላብጠው፣ አፕሉን እንዳልጨፈልቀው ታዘዝኩ። ፈትሉን ሲሰጡኝ እጄን ጠበቅ አድርገው ያዙና ተናገሩ። ልጅቷ ቶሎ አላስተረጎመችም።

"እኔ ነኝ የፈተልኩት በለው" አለች በመጨረሻ። "እንዲህ በለው ይላሉ።" ከዚያ ጫማዋን ማየት ጀመረች።

እላለሁ አልኩ።

እሑድ

ወደ ታች ሲወረድ ሁሉም ነገር ተገላቢጦሽ ነው። ጋቢው ተራ በተራ ይወልቃል፣ መስኮቱ ይከፈታል። ከጉሙ ስንወጣ ሁለቱ ሐይቆች ከታች ተዘርግተዋል፤ አንዱ ቀይ አንዱ ሰማያዊ። ረዳቱ የሐሙሱ ልጅ ነው። "አደራህን አደረስክ?" አለኝ። አደረስኩ አልኩት። "ይሄስ?" አለ ቡላውን እያየ። ይሄ ሌላ አደራ ነው። "አንተማ ፖስታ ቤት ሆነሃል!"

ለአዞ ጊዜ አልነበረም። የሌሊቱን መኪና ትኬት ቆረጥኩ።

ማክሰኞ

ጎረቤቴ ማታ ከሥራ በኋላ መጣ። ቡላውን አሸተተው፣ ሳቀ። አንዱን አፕል እዚያው ቆሞ በላው፤ ፍሬውን ኪሱ ከተተ። እናትህ ደህና ናቸው፣ ጋቢውን ወደዱት፣ ሌሊት አትሥራ ብለውሃል አልኩት። "እንዴት አወቀች?" አለ። ዳሩ ጠብቋል፣ መሐሉ ላልቷል ማለታቸውን ነገርኩት። አንገቱን ደፋ፤ የተያዘ ልጅ መሰለ።

ከዚያ ጨርቁን ፈታ። አንዱን ልቃቂት አነሳ። ጫፉን ፈልጎ አንድ ክንድ ያህል ሳበና በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል አሽከረከረው።

"እሳቸው ናቸው የፈተሉት" አልኩ። "እንዲህ በለው ብለውኛል።"

አልመለሰልኝም። ሁለተኛውን ልቃቂት አነሳ፣ ያንንም ሳበ። ሦስተኛውን ሳይነካው ጨርቁን መልሶ ጠቀለለው።

"የልጅ እጅ ነው" አለ።

ዝም አልኩ።

"ዓይኗ እንዴት ነው?" አለኝ። "ስትገባ አየችህ?"